መሰናክልን በሩጫ ያለፈው አልቪን ክሬንዝላይን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ የመሰናክል ሩጫ ስሙ ሩጫ ይሁን እንጂ ግብሩ ይበልጡን ዝላይ ነበር። ተወዳዳሪው ከመሰናክሉ ሲደርስ ፍጥነቱን ገታ አድርጎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ይዘልና ካረፈ በኋላ ሩጫውን እንደ አዲስ ይጀምራል። በ110 ሜትሩ ውድድር 1 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው 10 መሰናክሎች ስላሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚባክነው ቅጽበት ሲደመር ቀላል አልነበረም። አልቪን ክሬንዝላይን ድል የነሣው ይህን ብክነት በማስቀረት ነው። የፊት እግሩን ወደፊት ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ ግንባሩን ዝቅ አድርጎ፣ የእርምጃውን ምት ሳያዛባ ያልፋል። አካሄዱን ከእርሱ በፊት የሞከሩት ባይጠፉም፣ አሟልቶ ለዓለም ያሳየው እርሱ ነው፤ የዛሬዎቹ ሯጮችም የሚከተሉት መሠረቱን ይህንኑ ነው።

ክሬንዝላይን እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ ተወለደ። ከዊስኮንሲን ወደ ፊላደልፊያው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የጥርስ ሕክምና ሲያጠና፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው አሠልጣኝ ከማይክ መርፊ እጅ ገባ። በ1898 120 ያርድ መሰናክልን በ15.2 ሴኮንድ፣ 220 ያርዱን ደግሞ በ23.6 ሴኮንድ ሮጠ። ሁለተኛው ክብረ ወሰን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቷል።

የ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ የአትሌቲክስ ውድድር የተካሄደው በመሮጫ መም ላይ ሳይሆን በቡሎኝ ደን ውስጥ በሚገኝ የሣር ሜዳ ላይ ነበር። ክሬንዝላይን ሐምሌ 14 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር) 110 ሜትር መሰናክልን በ15.4 ሴኮንድ አሸነፈ። በማግሥቱ 60 ሜትርንና ርዝመት ዝላይን፣ በሦስተኛው ቀን 200 ሜትር መሰናክልን ጨመረ።

ከአራቱ ድሎች አንዱ ግን ያለ ቅሬታ አላለፈም። በርዝመት ዝላይ የማጣሪያው ውጤት ለፍጻሜውም ይቆጠር ስለነበር ሜየር ፕሪንስታይን በ7 ሜትር ከ17.5 ሳንቲሜትር ይመራ ነበር። ፍጻሜው እሑድ ዋለ። ፕሪንስታይን አይሁዳዊ ቢሆንም፣ የሚማርበት የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ የሜቶዲስት ተቋም ነበርና በሰንበት እንዳይወዳደር ከለከለው። ክሬንዝላይንም እንደማይሳተፍ ተስማምተን ነበር ሲል ፕሪንስታይን በኋላ ከስሷል። ክሬንዝላይን ግን ቀርቦ በአንድ ሳንቲሜትር በለጠው፤ ሰኞ እንደገና እንዝለል የሚለውንም ጥያቄ አልተቀበለም። ደንቡ ከእርሱ ጋር ነበር፤ ከጓደኛ የሚጠበቀው ግን ከደንብ ይበልጣል። ፕሪንስታይን በ1904 በሴንት ሉዊስ ርዝመት ዝላይን አሸንፎ የቀረበትን አገኘ።

ክሬንዝላይን ከፓሪስ በኋላ ውድድር ተወ። በኋላም አሠልጣኝነትን መረጠ፤ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ካስተማረ በኋላ በ1913 ጀርመኖች ለ1916ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ቡድናቸውን እንዲያዘጋጅ ቀጠሩት። ጦርነቱ ዝግጅቱንም ኦሊምፒኩንም አስቀረ። እርሱም በ1928 በ51 ዓመቱ በፔንስልቬንያ ግዛት ዐረፈ። በርሊን ኦሊምፒክን ያስተናገደችው በ1936 ሲሆን፣ በዚያ ጄሲ ኦውንስ በአራት ውድድሮች አሸነፈ። አንዱ የዱላ ቅብብል ስለነበር፣ በአንድ ኦሊምፒክ አራት የግል የአትሌቲክስ ውድድሮችን በማሸነፍ ክሬንዝላይን እስከ ዛሬ ብቻውን ነው።