ዣክ ማዮል፦ በአንድ ትንፋሽ መቶ ሜትር

«ታላቁ ሰማያዊ» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሉክ ቤሶን በ1988 ያወጣው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዣክና ኤንዞ የሚባሉ ሁለት ጠላቂዎች ያለ አየር ጋን፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ፣ ማን ይበልጥ ወደ ታች እንደሚወርድ ይፎካከራሉ። በፈረንሳይ አገር ብቻ 9 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶታል። ዣክ ግን እንዲያው የፊልም ሰው ብቻ አይደለም። ዣክ ማዮል የሚባል እውነተኛ ሰው ነበረ። ፊልሙ ሲጻፍም እሱ ራሱ አግዟል።

ማዮል የተወለደው በ1927 ነው፤ ቤተሰቡ ፈረንሳዊ ቢሆንም የተወለደው ግን ቻይና ውስጥ፣ ሻንጋይ ከተማ ነው። በልጅነቱ ክረምት ክረምቱን ቤተሰቡ ጃፓን ይወስደው ነበር። እዚያ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ባሕር ውስጥ መጥለቅን ተማረ፤ ዶልፊን የሚባለውን እንስሳም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በጃፓን ባሕር ላይ ነው።

ካደገ በኋላ ብዙ አገር ዞሯል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ ማያሚ ከተማ፣ የባሕር እንስሳት በሚታዩበት ቦታ ሥራ ገባ። እዚያ ክላውን የምትባል አንዲት ዶልፊን ነበረች። ማዮል ከሷ ጋር ብዙ ሰዓት ውኃ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። እንዴት ትንፋሿን እንደምትይዝ፣ ሳትቸኩልና ጉልበት ሳታባክን እንዴት እንደምትንቀሳቀስ ያያል፤ አይቶም ይሞክራል። አስተማሪዬ ናት ብሎ ያምን ነበር። በኋላም ዮጋ ተምሮ ልቡንና ሐሳቡን ማረጋጋት ለመደ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ሰው ከ50 ሜትር በታች ከወረደ ደረቱ ተጨፍልቆ ይሞታል ይሉ ነበር። ነገሩ ዝም ብሎ ፍርሃት አልነበረም። 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ላይ ካለው 11 እጥፍ ነው፤ በሳንባ ውስጥ ያለው አየርም ወደ አሥራ አንደኛው እጅ ይጨመቃል። ታዲያ ሰው እንዴት ይተርፋል? ሳይንቲስቶች ማዮልንና ሌሎችን እየመረመሩ ያገኙት መልስ ይሄ ነው፦ ሰው ሲጠልቅ የልቡ ምት ይቀንሳል፤ ከእጅና ከእግር ደም ወደ ደረት ይሄድና የተጨመቀው አየር የተወውን ቦታ ይሞላል። ይኼ ነገር በዶልፊንና በሌሎች ጠላቂ እንስሳትም አለ።

የማዮል ትልቁ ተፎካካሪ ኤንዞ ማዮርካ ነበር። ማዮርካ የሲሲሊ ልጅ፣ የሲራኩስ ከተማ ሰው ነው። ፊልሙ ሁለቱን አብሮ አደግ አድርጎ ያሳያቸዋል እንጂ በእውነቱ አንዱ ሻንጋይ፣ ሌላው ሲሲሊ ነው ያደጉት። በ1966 ማዮል ባሃማስ ውስጥ 60 ሜትር ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማዮርካ አለፈው። እንዲህ እየተቀባበሉ ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ በኅዳር ወር 1976፣ ጣሊያን ውስጥ በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ ማዮል ገመድ ተከትሎ በከባድ ክብደት እየተጎተተ 100 ሜትር ደርሶ በሰላም ወጣ። ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዕድሜው 49 ነበር! በ1983 ደግሞ በ56 ዓመቱ 105 ሜትር ወረደ። በዚያው ዓመት ገደማ ሰው ከዶልፊን ጋር ምን እንደሚያገናኘው «ሆሞ ዴልፊኑስ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ማዮርካ ግን ፊልሙን አልወደደውም፤ እኔን የሚመስለው ገጸ ባሕርይ ስሜን ያጎድፋል ብሎ ስለከሰሰ ጣሊያን ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይታይ ቆየ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በፊልሙ መጨረሻ ዣክ የሚወዳትን ሴት ትቶ፣ በጨለማ ዶልፊን ተከትሎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ሙዚቃው ያምራል፣ ሰማያዊው ያምራል፤ ሞት ሳይሆን እረፍት ይመስላል። እውነተኛው ማዮል ግን እንደዚያ አልሄደም። በሽምግልናው ድብርት በሽታ ያዘው፤ በታኅሣሥ 2001 በ74 ዓመቱ እዚያው ኤልባ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ብቻውን የራሱን ሕይወት አጠፋ። ዶልፊንም ሙዚቃም አልነበረም። ወዳጆቹ ሐዘን ላይ ቀሩ።

እኔ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ስለዚህ ነው። እኛ ቤት ሰው ሲከፋው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፦ ሆድ ይፍጀው። ወላጆቻችን በዚህ ቃል ብዙ መከራ አልፈዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመካከላቸው በሱዳን በረሃ ስንት ሰው ቀብረው፣ በሌሊት ከቀይ ባሕር ዳርቻ በጀልባ ወደ እስራኤል መርከብ የተጫኑ አሉ፤ የጎንደር ተራራ ልጆች ባሕርን ያወቁት እንዲህ ነው። ዝምታቸው ያኔ ሕይወት አድኗል። እኛ ግን ዛሬ እዚህ፣ በቢሉ ሴንተር ካፌ ተቀምጠን ከጓደኛ ጋር እየሳቅን፣ ውስጣችን ሲከፋ ዝም ማለት ጀግንነት አይደለም። ማዮል ትንፋሹን ከማንም በላይ መያዝ ይችል ነበር፤ ኀዘኑን ብቻውን መያዝ ግን አልቻለም።

የጠላቂዎች የመጀመሪያው ሕግ ብቻህን አትጥለቅ የሚል ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ትንፋሹን ብዙ ሲይዝ ሳይታወቀው ራሱን ይስታል፤ አጠገቡ ሰው ካለ ይወጣል፣ ከሌለ ይሰምጣል። ስለዚህ ፓልማሂምም ሂዱ፣ ኤይላትም ሂዱ፣ ባሕሩን ውደዱት፤ ግን ነፍስ አድን በሌለበት አትግቡ፣ መዋኛ ውስጥም ቢሆን ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ብቻችሁን አትሞክሩ።

በየብስም ሕጉ ያው ነው። የከፋው ጓደኛ ካያችሁ ጠይቁት፣ አንዴ ደህና ነኝ ቢላችሁም ደግማችሁ ጠይቁት። ለራሳችሁ ከከበዳችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ የሚነገረው ሰው ከጠፋ ኤራን የሚባለው የስልክ እርዳታ በ1201 ሌትና ቀን ይመልሳል። መቶ ሜትር የወረደ ሰው ያለ ገመድ አልወረደም፤ ላይ ሆነው የሚጠብቁት ሰዎችም ነበሩት።