የላትሬይና የጢንዚዛዋ ታሪክ

ሊቅ ሰው በሥራው ይከበራል እንጂ በሥራው ከሞት ይተርፋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የፈረንሳዩ የነፍሳት ሊቅ ፒየር አንድሬ ላትሬይ ግን ከሞት የተረፈው በአንዲት ጢንዚዛ ምክንያት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ላትሬይ በ1762 ዓ.ም. ብሪቭ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር ጄኔራል ነበር፤ ልጁ ግን ከጋብቻ ውጭ በመወለዱ ያደገው በደጋግ ሰዎች እጅ ነው። እነዚሁ ሰዎች ወደ ፓሪስ ልከው አስተማሩት፤ በ1786 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። ልቡ ግን ያደላው ወደ ነፍሳት ነበርና ትርፍ ጊዜውን ሁሉ እነርሱን በመሰብሰብና በመመርመር ያሳልፍ ጀመር።

በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። አዲሱ መንግሥት ቄሶች ለሕጉ ታማኝ እንዲሆኑ ይማሉ ብሎ አዘዘ። ላትሬይ በተወሰነው ቀን ስላልማለ በ1793 ዓ.ም. ተይዞ በቦርዶ ከተማ ከሌሎች ቄሶች ጋራ ታሰረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው እስረኛ የሚጠብቀው ሞት ወይም ግዞት ነበር።

አንድ ቀን እስረኞችን የሚጐበኘው ሐኪም ሲገባ፣ ላትሬይ ከወህኒ ቤቱ ወለል ላይ ያገኛትን ጢንዚዛ አተኵሮ ሲመረምር አየው። ጢንዚዛዋ ርዝመቷ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ደረቷ ቀይ ሲሆን፣ የክንፏ ሽፋን ከሥሩ ቀላ ብሎ ቀሪው ሰማያዊ ነው። በሊቃውንት ዘንድ ስሟ ኔክሮቢያ ሩፊኮሊስ ይባላል፤ ኑሮዋም በደረቀ ሥጋና በአጥንት ላይ ነው። ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሏት፤ አንዲቱ መላ ሰውነቷ ሰማያዊ ሆኖ እግሯ ብቻ ቀይ ነው፤ ሌላዪቱ እግሯም ሳይቀር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ላልሠለጠነ ዐይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ላትሬይ ግን የያዛት ጢንዚዛ ብርቅ መሆኗን ለሐኪሙ ነገረው።

ሐኪሙ ጢንዚዛዋን ወስዶ ቦሪ ደ ሴን ቬንሳን ለተባለ፣ ገና 15 ዓመት ለሆነው የተፈጥሮ ጥናት አፍቃሪ ሰጠው። ልጁ የላትሬይን ሥራ ያውቅ ነበርና ብዙ ደክሞ ላትሬይን ከአንድ የእስር ጓደኛው ጋራ አስፈታው። በወህኒ ቤቱ የቀሩት ወር ሳይሞላ አለቁ።

ላትሬይ የተረፈለትን ዕድሜ እንዴት ተጠቀመበት? ከእርሱ በፊት ሊኒየስ ነፍሳትን በክንፋቸው ይከፋፍል ነበር፤ የሊኒየስ ደቀ መዝሙር ፋብሪሲየስ ደግሞ በአፋቸው ቅርጽ። ሁለቱም አንድ ብልት መርጠው በእርሱ ብቻ ይፈርዱ ነበር። ላትሬይ ግን ክንፉንም፣ አፉንም፣ እግሩንም፣ የራሱን ቀንድም አንድ ላይ አይቶ፣ በብዙ ነገር የሚመሳሰሉትን ብቻ ዘመድ ናቸው ይል ነበር። መንገዱን ያሳየበትን የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1796 ዓ.ም. በገዛ ገንዘቡ አሳተመ።

ጉንዳንን ለምሳሌ እንውሰድ። ሊኒየስ ጉንዳኖችን ሁሉ በአንድ ወገን ስም ጠርቷቸዋል። ላትሬይ ግን በደረትና በሆድ መካከል ያለውን ቀጭን ወገብ ተመለከተ። አንዳንዱ ጉንዳን በወገቡ ላይ አንድ ጉብታ አለው፤ አንዳንዱ ሁለት፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ጉብታ ኖሮት ሆዱ ከመካከሉ ሸንቆጥ ያለ ነው። በዚህና በሌሎች ምልክቶች በ1804 ዓ.ም. ሚርሚካና ፖኔራ የተባሉትን ወገኖች ለየ። ስሞቹ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ቀለምና ግዝፈት ሊያታልሉ ይችላሉ፤ የአካል ቅርጽ ግን በትዕግሥት ለሚያይ ሰው የዘመድነትን መንገድ ይመራል።

ክብሩ ግን ዘግይቶ መጣ። ከ1798 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተፈጥሮ ሙዚየም ነፍሳትን ሲያደራጅ ቈየ፤ ላማርክ ዐይኑ በጠፋ ጊዜም በእርሱ ፈንታ አስተማረ። ፕሮፌሰር የተባለው ላማርክ ከሞተ በኋላ በ1830 ዓ.ም.፣ ዕድሜው ወደ 70 ሲጠጋ ነው። ሦስት ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1833 ዓ.ም. ዐረፈ። ፓሪስ በሚገኘው በፔር ላሼዝ መቃብሩ ላይ በቆመው ሐውልት ያቺ ጢንዚዛ ተቀርጻለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር አስተውል። አብዮቱ ላትሬይን በአንድ ምልክት ብቻ መድቦት ነበር፤ ያልማለ ቄስ ነው ብሎ። ሊቅነቱን፣ ትጋቱንና የዋለበትን ሥራ የተመለከተ ዳኛ አልነበረም። እርሱ ግን ለጥቃቅን ነፍሳት እንኳ እንዲህ ያለ ፍርድ አልፈረደም፤ ሁለንተናቸውን ሳያይ ስም አልሰጣቸውም። ሰውን በጎሣው፣ በልብሱ ወይም በአነጋገሩ ብቻ ለመመደብ የምንቸኵል ሁሉ ከዚህ ሰው የምንማረው አለን።