ነጋድራስ ተሰማና የክረምት መንገድ

ባለፈው ክረምት የወዳጄን አሮጌ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና እየነዳሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። ነዳጅ ጠበቅ አድርጌ ብረግጥ የመኪናዋ ኋላ ከእጄ ወጣ። እንደምንም ተርፌ ዳር ይዤ ስቆም ትዝ ያሉኝ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

አገራቸው ሩቅ አይደለም፤ ከአዳማ በስተሰሜን ያለችው ምንጃር ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሰምና ወርቅ ግጥማቸውና በአገራችን የመጀመሪያ በሚባሉት የሸክላ ዘፈኖቻቸው ነው። ጀርመን የሄዱት ግን ለዘፈን አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ መኪና አገራችን ሲገባ፣ አፄ ምኒልክ ሞተሩን አውቀው መሪውን እንዲጨብጡ ላኳቸው። ሸክላውን ያስቀረጹት እዚያው ሳሉ ነው።

ሲመለሱ የጠበቃቸው አስፋልት ሳይሆን የአዲስ አበባ ጭቃ ነበር። የያኔው መኪና፣ እንደ ወዳጄ መኪና ሁሉ፣ ኃይሉ በኋላ ጎማ ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ የፊቱን ጎማ አይዝም። እርጥብ መሬት ላይ የቸኮለ ይሽከረከራል።

በኋላ ነጋድራስ ተባሉ፤ የልጅ ኢያሱም ባለሟል ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ዕድል አብሮ ወረደ። የእግር ኳሱ አባት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው። ነጋድራስ በ1950ዎቹ አረፉ።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። መንጃ ፈቃድ ዝናብን እንደማያስተምር የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ተሰማ መኪናን ለማወቅ ባሕር ተሻገሩ። እኛ ጎማችን ማለቁን ለማየት ጎንበስ እንኳ አንልም።