የናቀውን ሰው የሾመው ሊንከን

አብርሃም ሊንከን ተረበኛ ነበር። ተረቡ ግን አንድ ጊዜ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ምንም አልቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1842 በኢሊኖይ ግዛት ጠበቃና ፖለቲከኛ ሳለ፣ የግዛቲቱን ኦዲተር ጄምስ ሺልድስን የሚሸነቁጥ ጽሑፍ በብዕር ስም ጋዜጣ ላይ አወጣ። ሺልድስ በንዴት ይዋጣልን አለው። ጎራዴ ይዘው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ወዳለች ደሴት ከተሻገሩ በኋላ ወዳጆቻቸው ገብተው አስታረቋቸው። ሊንከን ይህ ታሪክ ሲነሳበት አይወድም ነበር። በኋላ ዘመኑ የቀልዱ ዋና ዒላማ ራሱ ሆነ፤ ሰው በመልኩ ከመሳቁ በፊት እሱ ቀድሞ ይስቅ ነበር።

በ1855 ሲንሲናቲ ከተማ ላይ በታየ የአጨዳ ማሽን የፈጠራ መብት ክርክር ከተቀጠሩት ጠበቆች አንዱ ነበር። አብሮት የተቀጠረው ስመ ጥር ጠበቃ ኤድዊን ስታንተን ግን ናቀው። ሊንከን በችሎቱ እንዳይናገር ተደረገ፤ ለፍቶ ያዘጋጀው ጽሑፍም ከቁም ነገር ሳይቆጠር ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አዳመጠ። የተማሩት ጠበቆች እንዴት ተዘጋጅተው እንደሚከራከሩ ካየ በኋላም፣ ሕግን እንደገና ሊያጠና ወስኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ምክር ከሕፃንም ይቀበል ነበር። በ1860 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ግሬስ ቤዴል የተባለች የ11 ዓመት ልጅ፣ ፊቱ ቀጭን ስለሆነ ጢም ቢያሳድግ እንደሚያምርበት ጻፈችለት። አሳደገ። በ1861 ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ ባቡሩ በከተማዋ ሲቆም አስጠርቶ አገኛት።

ስታንተን ሊንከን ሥልጣን ከያዘ በኋላም ማንቋሸሹን አልተወም። ሊንከን ግን በጥር 1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ይህንኑ ሰው የጦር ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ሥራ እንደሚችል በችሎት አይቷልና።

በሐምሌ 1863 ጄኔራል ግራንት ቪክስበርግን ሲይዝ፣ ሊንከን የጄኔራሉን ዕቅድ ተጠራጥሮ እንደነበር በደብዳቤ ገለጸለት፤ የተሳሳተው ራሱ መሆኑንም አመነ። ይህን እንዲጽፍ ያስገደደው ማንም አልነበረም።

ሊንከን በሚያዝያ 1865 በጥይት ተመትቶ ሲያጣጥር፣ ያ የናቀው ስታንተን ሌሊቱን እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ የመንግሥቱን ሥራ ይመራ ነበር። ሲነጋም ከአልጋው አጠገብ ቆሞ አለቀሰ።