ያልተሰማው ተከሳሽ፦ ንጉሥ ሐርቤ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚጋልቡት ፈረሰኞች ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ስሙም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ይባላል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገምና ሌሎቹም ቤቶች ከላስታና ከዋግ በኩል መጥተው አገሩን ተካፍለው ከሰፈሩ ሰባት ወንድማማቾች የወረዱ ናቸው። በላስታ በነገሡት የአገው ወንድማማቾች፣ በዛጉዌዎቹ ዘንድ ግን ያለው አንድ ዙፋን ነበርና እንዲህ በቀላሉ የሚካፈሉት አልሆነም።

ከእነዚህ አንዱ ሐርቤ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የላሊበላ ወንድም ተብሎ ነው፤ ያውም ምቀኛው ወንድም። በገድለ ላሊበላ እንደተተረከው ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ ከበበው፤ እናቱም ንቦቹ ንጉሥነቱን አወቁለት ብላ ስም አወጣችለት። በዙፋን ላይ ላለ ታላቅ ወንድም ይህ ደስ የሚል ዜና አልነበረም። ነገሩ ከቅናት አልፎ እህታቸው ለላሊበላ መርዝ እስከ መስጠት ደረሰች። አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፤ ላሊበላ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሙት ሆኖ ከረመ። ኋላም መስቀል ክብራን ሲያገባ የሰው እጮኛ ወሰደ ተብሎ ተከሰሰ፤ ሐርቤ አስጠርቶ አስገረፈው። በመጨረሻ ሐርቤ በራእይ ታዝዞ ወንድሙን ሊቀበል ወጣ፤ ይቅርታ ጠይቆም ዙፋኑን አስረከበው።

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአሸናፊው ወገን። ገድሉ የተጻፈው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ከሞቱ ከ200 ዓመት በኋላ ነው። መርዙንም ቢሆን የሰጠችው እህት ናት፤ የሐርቤ ትእዛዝ የተጨመረው በየአፉ ሲነገር ይመስለኛል። በልማዱ እንደሚነገረው ሐርቤ 40 ዓመት ከነገሠ ደግሞ፣ ዙፋኑን ሲለቅ ራእይ ባያይ እንኳ እርጅናው ብቻ በቂ ምክንያት ነበር።

ሥልጣን አልራበውም ማለቴ አይደለም። ተርቦ ነበር፤ ግን የተራበው ሌላ ሥልጣን ነው። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ በፓትርያርክ ገብርኤል ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1131 እስከ 1145 ባለው ጊዜ፣ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተለመደው በላይ ጳጳሳት እንዲሾሙለት መጠየቁን መዝግቧል። ስሙን አይጠቅስም፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ሐርቤ ነው ይላሉ። ጳጳሱ አቡነ ሚካኤል ያለ ፓትርያርኩ ፈቃድ አይሆንም ሲሉት ንጉሡ ወደ ካይሮ ጻፈ። የግብፁ ኸሊፋ በመጀመሪያ ተስማማ። ፓትርያርኩ ግን ቁጥራቸው ከበዛ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ሾመው ከእስክንድርያ እጅ ይወጣሉ ብሎ አስረዳው፤ ፈቃዱም ተሻረ። ፓትርያርኩ የፈራው ነገር በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ ተፈጸመ፤ ከ800 ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። ከወንድሙ ጋር የነበረውን ጠብ ብቻ እየተረክን ይህን መርሳታችን ያስገርመኛል።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን አልጣለችውም። ገብረ ማርያም በሚለው ስሙ ከይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከላሊበላና ከነአኵቶ ለአብ ጋር ከአራቱ ቅዱሳን ነገሥታት ትቆጥረዋለች። በገድሉ አስገራፊ የተባለውና ቅዱሱ አንድ ሰው ናቸው።

ነአኵቶ ለአብ የሐርቤ ልጅ ነው። ያሳደገው አጎቱ ላሊበላ ሲሆን፣ ዙፋኑንም በሕይወት ሳለ እንደለቀቀለት ይነገራል። 18 ወር ቆይቶ የአዲሱ ንጉሥ ሰዎች የአንድ ድሃ ገበሬ ላም ለቤተ መንግሥቱ ማዕድ ነዱ። ይህን የሰማችው መስቀል ክብራ ባሏን ወተወተችው፤ ላሊበላም ከወንድሙ ልጅ ላይ ዙፋኑን መልሶ ወሰደ። ለዚህኛው ግን ምቀኛ ያለው የለም።