የኩፋው ባለሱቅ፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ

ኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከአራቱ መዝሀቦች የአንዱ መሪ በመሆናቸው ነው። በአገራችን፣ በተለይ በወሎ፣ ፊቅህን በእሳቸው መዝሀብ የተማረ ደረሳ ጥቂት አይደለም። የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙት ግን ከሱቅ እንደነበር ብዙም አይነሳም። በዛሬው የረመዳን ገጻችን ልብስ ሰፊውን፣ አናጺውን፣ ባለሱቁን፣ በራሱ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሁሉ አስበን፣ የኢማሙን ሕይወት በዚህ በኩል እንመልከት።

ኑዕማን ቢን ሣቢት በ80 ዓመተ ሒጅራ (699 እ.ኤ.አ.) በኢራቋ ኩፋ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ኸዝ የሚባል ውድ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበር ወጣቱ ኑዕማን ገበያ ውስጥ አደጉ። ታላቁ ዓሊም አሽ-ሸዕቢ የአእምሯቸውን ብሩህነት አይተው ወደ ዒልም እንዲያዘነብሉ መከሯቸው። ከዚያም ሸይኽ ሐማድ ቢን አቢ ሱለይማን ዘንድ ተቀምጠው፣ ሸይኹ በ120 ዓመተ ሒጅራ እስኪሞቱ ድረስ፣ 18 ዓመት ያህል ተማሩ። የሸይኹንም የማስተማሪያ ቦታ ተረከቡ። ሱቁን ግን አልዘጉም።

አንድ ሰው ሁለቱን እንዴት ይችላል? ኢማሙ ብቻቸውን አልሠሩም። ሐፍስ ቢን ዐብዱረሕማን የተባሉ ሸሪክ ነበሯቸው፤ ጨርቁን እየላኩላቸው እሳቸው ይሸጡ ነበር። በሽርክናቸው የሆነው ነገር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ ኢማሙ በላኩት ዕቃ ውስጥ እንከን ያለበት ጨርቅ ነበር። ሲሸጥ ለገዢው እንዲነገር ለሐፍስ አስታወቋቸው። ሐፍስ ግን ረስተው ሳይናገሩ ሸጡት፤ ገዢውም ማን እንደሆነ ሊታወቅ አልቻለም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዕቃውን ሽያጭ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት። ሥራን ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ኃላፊነቱ ግን ከባለቤቱ ትከሻ እንደማይወርድ ያውቁ ነበር።

በዋጋ ላይም እንዲሁ ነበሩ። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጥታ 100 ዲርሃም ጠየቀች። ኢማሙ ልብሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። እሷም መቶ መቶ እየጨመረች 400 ደረሰች፤ አሁንም ያንሳል ሲሏት የሚያሾፉባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድትጠራ አደረጉና ልብሱ በ500 ተገዛ። ሻጭ ዋጋ አለማወቁን እንደ ትርፍ ዕድል አልቆጠሩትም።

ሌላዋ አሮጊት ደግሞ አቅመ ደካማ መሆኗን ነግራ በመጣበት ዋጋ እንዲሸጡላት ለመነቻቸው። በ4 ዲርሃም ሰጧት። ይህን ያህል መርከሱ አስገርሟት ስትጠይቅ፣ ሁለት ልብስ በአንድ ላይ ገዝተው አንደኛውን ሲሸጡ ከጠቅላላው ዋና ገንዘብ የቀረው 4 ዲርሃም ብቻ እንደሆነ አስረዷት። እዚህ ላይ ቸርነታቸውን ብቻ አንመልከት። እያንዳንዱ ዕቃ በስንት እንደገባና ዋናው ገንዘብ ምን ያህል እንደተመለሰ በልባቸው ይዘውት ነበር። ሒሳቡን የማያውቅ ነጋዴ ለተቸገረ ዋጋ ልቀንስ ቢል እንኳ ምን ያህል መቀነስ እንደሚችል አያውቅም።

ትርፋቸውን ከዓመት ዓመት እየሰበሰቡ ለኡለማዎች ምግብና ልብስ ይገዙበት ነበር፤ የተረፈውንም በእጃቸው ይሰጧቸዋል። ድሃ ደረሳ የነበሩትን አቡ ዩሱፍን ከዚሁ ገንዘብ እየደገፉ አስተማሩ፤ ይህ ደረሳ በኋላ በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆነ።

የሱቁ ዋጋ ይበልጥ የታየው ግን በፈተና ጊዜ ነው። የበኑ ኡመያ የኢራቅ ገዢ ኢብን ሁበይራ ሹመት ሲያቀርብላቸው እምቢ በማለታቸው ተገረፉ። በዐባሲዮች ዘመንም ኸሊፋ አል-መንሱር ቃዲ እንዲሆኑ ቢያስገድዳቸው አልተቀበሉም፤ ታሰሩም። በ150 ዓመተ ሒጅራ (767 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ ሞቱ፤ ብዙዎቹ ዘጋቢዎች በእስር ላይ ሳሉ እንደሆነ ይናገራሉ። የተቀበሩበት ሰፈር ዛሬም በማዕረግ ስማቸው አል-አዕዘሚያ ይባላል። ጽናታቸው ከኢማናቸው እንደመጣ አንጠራጠርም። ሆኖም ልጆቻቸው የሚበሉት ከገዢ እጅ ቢሆን ኖሮ ያ እምቢታ ምን ያህል በከበደ ነበር! የራስ ሥራ ሰው ቀና ብሎ እንዲናገር ያደርጋል።

ታዲያ እኛስ? ብዙዎቻችን ዘካችንን የምናሰላው በዚህ በተባረከ ወር ነው። ይህ ለባለሙያው የዓመት ሒሳብ መዝጊያም ሊሆን ይችላል። በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ፣ ለሽያጭ የተቀመጠውን ዕቃ በዛሬው ዋጋ፣ የሚመለስልንንም ብድር እንደምር፤ መክፈያው የደረሰብንን ዕዳ እንቀንስ። ቀሪው ኒሷብ ከደረሰና ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶው የዘካ ባለመብቶች ነው። የልብስ ሰፊው መኪናና የአናጺው መጋዝ የሥራ መሣሪያ ስለሆኑ ዘካ የለባቸውም፤ ለሽያጭ የተቀመጠው ጨርቅና ጣውላ ግን አለባቸው። የገባውንና የወጣውን በደብተር ያልጻፈ ሰው ይህን በግምት ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም። የሱቅን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለይቶ የያዘ ግን ዘካውን ያውቃል፤ ትርፉን ያውቃል፤ ለተቸገረ ጎረቤቱም ምን ያህል ዋጋ መተው እንደሚችል ያውቃል።

አላህ ለኢማሙ ይዘንላቸው። ሪዝቃችንን ሐላል፣ ጾማችንን ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።