የባሕሩ ሙዐሊም አሕመድ ኢብን ማጂድ

ሺሃቡዲን አሕመድ ኢብን ማጂድ በጽሑፎቻቸው የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ወደ ነጅድ ያደርሱታል። ነጅድ ዛሬ የሪያድ ከተማ የምትገኝበት፣ ከባሕር ዳርቻ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቀ ምድር ነው። ከዚህ የአሸዋና የግመል አገር የተመዘዘው ቤተሰብ ቢያንስ ለሦስት ትውልድ ኑሮውን በውኃ ላይ አደረገ። የሦስተኛው ትውልድ ልጅ አሕመድም የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻዎች፣ ከውኃው በታች የተደበቀውን አለትና ደለል ሳይቀር፣ በቃል የሚያዝ ትምህርት አድርገው ለተከታዮቻቸው አስተላለፉ።

የተወለዱት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ዛሬ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች አካል በሆነችው ራስ አል-ኸይማ ውስጥ በነበረችው በጁልፋር ወደብ ነው። አያታቸውም አባታቸውም የቀይ ባሕር መርከብ መሪዎች ነበሩ። በዘመኑ የመርከብን አቅጣጫ የሚወስነው ባለሙያ ሙዐሊም ይባል ነበር። ቁርኣን ከሚያስቀሩ ሙዐሊሞች እግር ሥር ላደገ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ይህ ቃል ትርጉም አያሻውም፤ ኢብን ማጂድም ስያሜው በሁለቱም ፍቺው የሚገባቸው ሰው ናቸው።

ቀይ ባሕር ለመርከበኛ አስቸጋሪ ባሕር ነው። መካከሉ ላይ ጥልቀቱ ከ2,000 ሜትር የሚያልፍበት ስፍራ አለ፤ ሁለቱ ዳርቻዎቹ ግን የመርከብን ሆድ በሚቀድዱ የኮራል አለቶች የታጠሩ ናቸው። ከውኃው ገጽ ጥቂት ክንድ ዝቅ ብሎ የተኛ አለት ፀሐይ ከአናት ስትሆን በቀለሙ ይለያል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅና ብርሃኗ ከፊት ሲመጣ ግን ዓይን አያገኘውም። ወደ ጅዳ የሚያመሩ ሑጃጆች ሕይወት የተመሠረተው ሙዐሊሙ ይህን በማወቁ ላይ ነበር። በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ የተሻገሩት፣ ከዚያም ለዘመናት የሐበሻ ሑጃጆች ከምጽዋ ተነሥተው ወደ ሒጃዝ የተጓዙት በዚሁ ውኃ ላይ ነው።

ዛሬ የባሕር ወለል የሚለካው ከመርከብ ወደ ታች በሚላክ የድምፅ ሞገድ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሪያድ የሚገኘው የሳዑዲ ዐረቢያ የቅየሳና የጂኦስፓሻል መረጃ ጠቅላይ ባለሥልጣንም የባሕር ካርታዎችን የማዘጋጀት ኃላፊነት አለበት። በኢብን ማጂድ ዘመን የነበረው ግን ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ነው። የገመዱ ርዝመት ጥልቀቱን ይነግራል፤ ከእርሳሱ ጋር ተጣብቆ የሚወጣው አሸዋ ወይም ጭቃ ደግሞ መርከቡ በየትኛው ስፍራ ላይ እንዳለ ያመለክታል። ተማሪው ይህን ከየብስ ምልክቶች ጋር ማገናኘት ነበረበት፦ ተራራው ከባሕር ላይ ሲታይ ምን ይመስላል? የውኃው ቀለም የት ይለወጣል? የትኛው ወፍ የየብስን መቅረብ ያበስራል? መርከብ ወደ ምዕራብ ሕንድ ዳርቻ ሲቃረብ የባሕር እባቦች መታየታቸው እንኳ እንደ ምልክት ይቆጠር ነበር። ሌሊት የሰሜን ኮከብ ከፍታ በጣት ይለካል፤ አንድ ጣት ከ1 ዲግሪ ተኩል በጥቂቱ ይበልጣል። ለልኬቱም ባለ ቋጠሮ ክር የተበጀለት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ያገለግላል።

ኢብን ማጂድ ይህን ሁሉ ያስተማሩት በአብዛኛው በግጥም ነው። በ866 ሒጅሪ (1462) ያዘጋጁት ሓዊየቱል ኢኽቲሷር ከ1,000 በላይ ስንኞች አሉት። ጂኦግራፊ በግጥም መሰጠቱ የዘመናችንን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል፤ በወሎ ሐሪማዎች የኢብን ማሊክን አልፊያ በቃሉ የያዘውን ደረሳ ግን አያስገርመውም። የነሕው ሕግጋት በረጀዝ ምት እንደሚያዙ ሁሉ የወደቦች፣ የከዋክብትና የአለቶች ቅደም ተከተልም በዚያው ምት ይያዛል። በጨለማና በማዕበል ውስጥ መጽሐፍ መግለጥ አይቻልም፤ ስንኝ ግን ከአፍ አይጠፋም። ከዚህም ሌላ ገልባጭ አንዲት ቃል ቢያዛባ ምቱ ስለሚሰበር ስሕተቱ ቶሎ ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሰውየውን ማንነት የሚያሳየው ከአባታቸው ዕውቀት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ነው። አባታቸው ስለ ቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ ስንኞች ያሉት አል-ሒጃዚያ የተሰኘ ግጥም ትተው አልፈዋል። ልጁ ይህን ውርስ እንዳለ አልተቀበሉትም። አባታቸው የአያታቸውን ዕውቀት በራሳቸው ልምድ እንዳሻሻሉት ይመሰክራሉ፤ ከዚያም እሳቸው ለ40 ዓመት ያህል እየተመላለሱ የሁለቱንም ዕውቀት ሲመዝኑና ሲያርሙ ኖሩ። ከእሳቸው በፊት ስለ ባሕር የጻፉትንና የባሕር አንበሶች ተብለው የሚከበሩትን ሦስት ሰዎችም ቢሆን፣ የሰሙትን የሰበሰቡ እንጂ በራሳቸው የፈተኑ አልነበሩም ሲሉ ይተቻሉ። ይሁንና ለቀደምቶቻቸው ክብር ሰጥተው ራሳቸውን አራተኛው ይላሉ። ትሕትናው ከኩራት ጋር የተቀላቀለ መሆኑ አይካድም፤ ሰውየው ስለ ራሳቸው ችሎታ ዝም የሚሉ አልነበሩም።

ዋናው የስድ ንባብ ሥራቸው ኪታቡል ፈዋኢድ የተጠናቀቀው በ895 ሒጅሪ (1490 ገደማ) ሲሆን 12 ክፍሎች አሉት። አሥረኛው ስለ ታላላቅ ደሴቶች፣ አሥራ አንደኛው ስለ ሞንሱን ነፋሳት ወቅት ይናገራል። የመጨረሻው ለቀይ ባሕር ብቻ የተሰጠ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሙዐሊሙ ታጋሽና ፍትሐዊ እንዲሆን፣ በመርከብ ላይ ያለ ሰው የፈጣሪው እንግዳ ነውና ጦሃራውን እንዲጠብቅ ይመክራሉ። ስለ ቂብላ አቅጣጫም ለብቻው ግጥም አዘጋጅተዋል።

ይህን የመሰለ ሰው በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ግን ባልፈጸመው ነገር መሆኑ ያሳዝናል። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ከማሊንዲ ወደ ካሊከት ሲሻገር መንገዱን ያሳዩት ኢብን ማጂድ ናቸው፣ ያሳዩትም ሰክረው ነው የሚል ወሬ አለ። የወሬው ምንጭ በመካ ይኖሩ የነበሩት የታሪክ ጸሐፊ ቁጥቡዲን አን-ነህረዋሊ ሲሆኑ፣ የጻፉት ነገሩ ከሆነ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለጉዳዩ የሚቀርቡት የፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊዎች በአንጻሩ መሪው ከጉጅራት የመጣ ሰው እንደነበር ይገልጻሉ። ኢብን ማጂድ በዚያ ጊዜ በዕድሜ የገፉ አዛውንት ነበሩ፤ ሥራዎቻቸውን መዘርዘር የማይታክታቸው ሰው ይህን ጉዞ መርቻለሁ ያሉበት አንድም ቦታ የለም። ጉዳዩን የመረመሩ የዘመናችን ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ወሬውን አይቀበሉትም። ጦሃራን ለመርከበኛ ያስተማረን ሙስሊም በስካር መክሰስ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ይፈልግ ነበር።

ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው ግጥሞቻቸው የመጨረሻው የ906 ሒጅሪ (1500) ነው። በ1554 የኦቶማን አድሚራል ሲዲ ዐሊ ሬይስ መርከቦቹን በማዕበል አጥቶ በሕንድ ጉጅራት ሳለ ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ያዘጋጀውን ሙሒጥ የተሰኘ መጽሐፍ በአብዛኛው የመሠረተው በኢብን ማጂድና ከእሳቸው በኋላ በመጡት በሱለይማን አል-መህሪ ሥራዎች ላይ ነው። የኢብን ማጂድ የእጅ ጽሑፎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ተቀምጠው ከኖሩ በኋላ በ1920ዎቹ ታተሙ። በሌኒንግራድ የተገኙት ሦስት ግጥሞች በ1957 ታትመዋል፤ ኪታቡል ፈዋኢድ ደግሞ በ1971 በእንግሊዝኛ ወጥቷል።